መጋዘናችሁ ተኝቶ ስንት ይበላል? በጎጃም ከተሞች ላሉ መጋዘኖች የመብራትና የናፍታ ወጪ መቀነሻ

ስለ መብራት ወጪ የሚያማክረኝ ባለመጋዘን ሁሉ የሚጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ «ሶላር ባስገባ ስንት ያወጣኛል?» እኔም የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ትናንት ማታ በሩ ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቆጣሪው ስንት ቆጠረ?» እስካሁን ይህን የመለሰልኝ የለም። ቀን የሚሄደው ኃይል ቢያንስ እህል ያበጥራል፣ መኪና ያስጭናል። ሌሊት የሚሄደው ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ግን ዘበኛው ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አይጠይቀውም።

የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተደርጎ የወጣ ነው። ዛሬ ቸል ያላችሁት ፍሳሽ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት በሌላ ዋጋ ይመጣባችኋል።

የምጽፈው ስለማውቀው ዓይነት መጋዘን ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ውስጡ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ኑግ፣ በርበሬ ወይም የአፈር ማዳበሪያ፤ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በዳንግላ፣ በደብረ ማርቆስና በባህር ዳር ዳር ዳሩን የምታዩት።

1. ለአንድ ሳምንት ምንም አትግዙ፣ አንብቡ

አንድ ደብተር በገመድ አስራችሁ ቆጣሪው አጠገብ ስቀሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቁጥሩ ይጻፍ። ከጎኑ በቀኑ የተሠራው በአጭሩ ይቀመጥ፦ «ሁለት መኪና ተራገፈ»፣ «ማበጠሪያው አራት ሰዓት ሠራ»፣ «ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር»። ያለዚህ ማስታወሻ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ባለ ሦስት ፌዝ ትልቅ መስመር ያላችሁ ከሆነ ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር በማባዣ የሚባዛ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ላይ ያለው ሲቲ (ትልቁን ኮረንቲ ቆጣሪው በሚችለው ልክ የሚቀንሰው መሣሪያ) 100/5 ከተባለ ማባዣው 20 ነው፤ ቆጣሪው በአንድ ሲጨምር እናንተ 20 ኪሎዋት ሰዓት በልታችኋል ማለት ነው። ያለፈውን ወር ቢል አውጥታችሁ አመሳክሩት።

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የእህል መጋዘን ላይ ይህን ስናደርግ ሌሊቱ በአማካይ 34 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱ ቆጣሪው ተበላሽቷል አለ። ከዘበኛው ጋር አንድ ሌሊት አምሽተን በክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን ቆንጥጦ ኮረንቲ በሚለካ መሣሪያ፣ አንድ በአንድ ለካነው።

ትልቁ በላተኛ ግቢውን የሚያበሩት አራት ፓውዛዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ባለ 400 ዋት ናቸው፤ ባላስታቸው (አምፖሉን የሚያስነሣውና ኮረንቲውን የሚቆጣጠረው ዕቃ) የሚበላው ሲጨመር 440 ይሆናል። ለ12 ሰዓት 21 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተርና ማተሚያ ሳይጠፉ ያድራሉ፤ 2 ከምናምን። ኮምፕረሰሩ ደግሞ አስገረመኝ። በጸጥታው ውስጥ በየሩብ ሰዓቱ «ድድድድ» ብሎ ይነሣና ለአንድ ደቂቃ ያህል ነፍቶ ይተኛል። 5.5 ኪሎዋት ሞተር በሌሊት 48 ጊዜ እየተነሣ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የሆነ ቦታ ላይ አየር ያፈሳል ማለት ነው። ከቱቦው መጋጠሚያ ላይ የሳሙና አረፋ ስንቀባ ሁለት ቦታ ተንፈቀፈቀ። እውነቱን ለመናገር ይህ እንደ ፍሳሽ ትልቅ የሚባል አይደለም፤ ግን ሌሊት ለማን ነው የሚነፋው?

የቀረው 6 ኪሎዋት ሰዓት የዘበኛው ምድጃ ነበር። «ጋሼ፣ ምድጃው ሲነድ ነው የሚያድረው?» ብላቸው «ታዲያ ልጄ፣ በዚህ ቁር ምን ሁን ትለኛለህ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከተማው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የጥበቃ ቤቱ ደግሞ ጣት በሚያሳልፍ ክፍተት የተገጣጠመ ቆርቆሮ። ምድጃውን አልነጠቅናቸውም። ቤቱን ከውስጥ በኮምፖርሳቶ አለበስነው፣ ከበሩ ሥር ጎማ ቸነከርንበት፣ ከአልጋው ሥር ሁለት ፓሌት አነጠፍን። አሁን ምድጃው የሚለኮሰው ለሻይና ንጋት ላይ ነው።

ፓውዛዎቹን በባለ 100 ዋት ኤልኢዲ ቀይረን ሁለቱን ሰው ሲያልፍ ብቻ በሚያበራ ሴንሰር ላይ አሠርናቸው። የኮምፕረሰሩና የሚዛን ቤቱ ብሬከር ማታ እንዲወርድ አደረግን። ሌሊቱ ከ34 ወደ 5 ወረደ። በወር ሲታሰብ 870 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ነው፤ ያውም አንድ ኩንታል ሳይነሣ ይሄድ የነበረ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ ቆጣሪው መቼ ቀስ እንደሚል እዩ። ከእያንዳንዱ ብሬከር በላይ ምን እንደሚያበራ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። ማታ የሚወርዱትን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጉ፤ ዘበኛው ማንበብ ባይችል እንኳ ቀዩን ያወርዳል። የማይወርዱ ነገሮች እንዳሉ አትርሱ፤ የማቀዝቀዣ ክፍልና የእሳት አደጋ ፓምፕ ቀይ አይነካቸውም።

2. ከአምፖሉ በፊት ጣሪያውን እዩ

እዚህ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ያህል ታበራለች፤ ክረምትና በጋ የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው። ታዲያ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፓውዛ አብርቶ ጆንያ መቁጠር ምን የሚሉት ነው?

ከጣሪያው ከመቶ አራት ወይም አምስት እጅ የሚሆነውን ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ብትቀይሩ ቀን አምፖል አያስፈልጋችሁም። ግን የት እንደሚገባ ወሳኝ ነው። ከመተላለፊያው በላይ እንጂ ከክምሩ በላይ አታድርጉት። ፀሐይ ያለማቋረጥ የሚመታው ጆንያ ይሳሳል፣ እህሉም ይሞቃል። ደግሞ የጎጃም በረዶ ሲጥል ታውቁታላችሁ፤ ርካሹ ስስ ፕላስቲክ በሁለተኛው ክረምት ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ያለው በቆሎ ይበሰብሳል። ወፍራሙን ፖሊካርቦኔት ግዙ። ፀሐይ የሚከላከለው ፊቱ ላይ ምልክት አለው፤ እሱ ወደ ላይ ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣና የበጋው አቧራ ሲጠግብ ይታጠብ። ግድግዳውን ከውስጥ በኖራ ነጭ መቀባት ደግሞ ወጪው የአንድ ቀን ደመወዝና የኖራ ዋጋ ነው፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ከዚያ በኋላ አምፖሉ ይምጣ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ባለ 400 ዋት አምፖሎች ከነባላስታቸው 5.28 ኪሎዋት ይወስዳሉ። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢበሩ 1,373 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በባለ 150 ዋት ኤልኢዲ ከተቀየሩ 468 ይሆናል። በቢላችሁ ላይ ባለው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዙትና አምፖሉ በስንት ወር ዋጋውን እንደሚመልስ ታገኛላችሁ።

ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የቮልቴጁን ልክ አንብቡ። መስመራችን ከፍ ዝቅ ስለሚል ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚችለውን ምረጡ፤ 220 ብቻ የሚለው መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንድ አንድ ይቃጠላል። ማብሪያውን ደግሞ ክፈሉት። ብዙ መጋዘን ላይ ከበሩ አጠገብ ያለች አንዲት ማብሪያ ስትጫን 12ቱም ይበራል፤ አንድ ጆንያ ከጥግ ለማውጣት። አንድ ረድፍ፣ አንድ ማብሪያ።

3. የሌሊቱ ብርድ ነፃ ነው፣ ተጠቀሙበት

በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያየው ሀብት ነውና።

ነቀዝ የሚራባው በሙቀት ነው። እህሉ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ መራባቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደጋው ላይ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ይህን አየር ማታ አስገብቶ ጠዋት መዝጋት ነው ሥራው። ከግድግዳው ግርጌና ከጣሪያው ጫፍ የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ይኑር፤ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ጠንካራ የወንፊት ሽቦ ይደረግበት። ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይዘጋ። ጆንያው ፓሌት ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳውም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ፤ ጎተራ ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚሠራበት ምክንያት እኮ ይኸው ነው።

በክረምት ግን ተቃራኒውን አድርጉ። ባህር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊሜትር ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። በነሐሴ ሌሊት የምታስገቡት አየር ውኃ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ ብትከፍቱ እህሉን ታረጥባላችሁ። ዝናባማ ሌሊት መስኮቱ ይዘጋ። መድኃኒት የታጠነ መጋዘን ደግሞ ባለሙያው ሳይፈቅድ አይከፈትም፣ ማንም አይግባበት።

የማራገቢያ ፋን ያላችሁ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ፋን ፍጥነቱ በ20 በመቶ ዝቅ ቢል የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ፑሌጃውን መቀየር ብቻ ይበቃል፤ የሰፈሩ ቶርኖ ቤት ይሠራላችኋል። ቀን በሙሉ ኃይሉ ከሚያጓራ ሌሊት ረጋ ብሎ ቢሠራ እህሉም ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ቆጣሪውም ያርፋል።

እርጥብ በቆሎ የሚቀበል ሰው ግን ከፋን በፊት በሩ ላይ ይቁም። ማድረቂያ ማሽን ላለው ሒሳቡን ላሳይ። 18 በመቶ እርጥበት ያለውን አንድ ኩንታል ወደ 13 ለማውረድ 5.75 ኪሎ ውኃ መትነን አለበት። በተለመደው ማድረቂያ ይህ በኩንታል ወደ 0.8 ሊትር ናፍታ ይጠይቃል። ሺህ ኩንታል ከሆነ 800 ሊትር። የታኅሣሥ ፀሐይ ሸራ ላይ ይህንኑ ሥራ በነፃ ትሠራለች። የእርጥበት መለኪያ የሌለው ደረቅ ጨው በንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከእህሉ ጋር አድርጎ ለደቂቃዎች ይነቅንቀው፤ ትንሽ ካቆየው በኋላ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ገበሬውን «አድርቀህ አምጣ» ከማለት ሸራውን ማዋስ ይሻላል፤ እኔ ያየሁት ነጋዴ እንዲህ አድርጎ ጸብም ናፍታም ቀንሷል።

4. ሞተሮቹ

አጭር ነው። ኩሽኔታ ሲደርቅ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ኃይል ይበላል፤ ግራሶ በጊዜው ይግባ። ቺንጋ ሲላላ ይንሸራተታል፤ በአውራ ጣት ተጭናችሁ ፈትሹት። እህል ሳይኖር የሚዞር ማበጠሪያና ማጓጓዣ ይጥፋ። ለምሳ የሚወጣ ሠራተኛ ማሽኑን አጥፍቶ ይውጣ።

ኮምፕረሰር ላይ ግፊቱን ከሚያስፈልገው በላይ አታድርጉ። 8 ባር ላይ የተሞላው በ7 ቢሠራ ከኃይሉ 7 በመቶ ያህል ይተርፋል። ማታ ብሬከሩን ስታወርዱ ከጋኑ የሚወጣውን ሳራቺኔስካም ዝጉት፤ ጠዋት ከባዶ እንዳይጀምር።

ቢላችሁ ላይ የሪአክቲቭ ክፍያ (ሞተር ከመስመሩ ለሚስበው ግን ሥራ ለማይሠራ ኃይል የሚከፈል) የሚል መስመር ካያችሁ ሞተሮቻችሁ ከሥራቸው በላይ ትልቅ ናቸው ወይም ይህን ኃይል የሚያካክስ ካፓሲተር ይጎድላችኋል። ይህን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አስለኩት፤ በግምት የተገዛ ካፓሲተር ራሱ ያቃጥላል።

5. ቀዝቃዛ ክፍል

መጀመሪያ ይጠየቅ፤ የግድ ነው ወይ? የእንጅባራና የአካባቢው የዘር ድንች አምራች ማቀዝቀዣ ክፍል አያስፈልገውም። ግድግዳው የወንፊት ሽቦ የሆነ፣ የተበተነ ብርሃንና ነፋስ የሚያስገባ የመደርደሪያ ቤት ለወራት ያቆይለታል። ቀጥታ ፀሐይ እንዳይመታው ብቻ ጣሪያው ወጣ ይበል። ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ሆኖ ይወጣል፣ ቆጣሪም የለበትም። ይህ ለዘር ነው እንጂ ለሚበላ ድንች አይሆንም፤ ብርሃን የሚበላውን ድንች አረንጓዴና መራራ ያደርገዋል።

ለአቮካዶ ግን ክፍሉ ያስፈልጋል። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ያጠጣል፤ በመራዊ በኩል የሚወጣው ፍራፍሬም እየበዛ ነው። ስህተቱ ክፍሉን እንደ ሥጋ ቤት 2 ዲግሪ ላይ ማድረግ ነው። ለአቮካዶ ከ5 እስከ 7 ይበቃዋል፤ ሙዝ ከ13 በታች ከወረደ ይጠቁራል። ክፍሉን በአንድ ዲግሪ ከፍ ማድረግ ከ2 እስከ 4 በመቶ ኃይል ያተርፋል።

ቀጥሎ በሩ። ማታ መብራት አጥፉና አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ፣ በሩም ይዘጋ፤ በጎሚኒው ዙሪያ ብርሃን ካያችሁ ብርዱም በዚያው እየወጣ ነው። ከውስጥ የሚከፈት እጀታ መኖሩንና መሥራቱን አስቀድማችሁ እዩ። የፕላስቲክ መጋረጃውን ጫኞች ያስቸግረናል ብለው ወደ ላይ ያስሩታል፤ አስፈቱት። ውጭ ያለው የማቀዝቀዣው ራዲያተር በአቧራና በገለባ ሲደፈን ማሽኑ ሳያርፍ ይውላል፤ በወር አንዴ በብሩሽና በውኃ ይታጠብ፣ መብራቱ ጠፍቶ።

6. ጀነሬተርና በር ላይ የቆመው መኪና

መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጀነሬተር አብዛኛውን ጊዜ ከልኩ በላይ ነው። አንድ ባለ 100 ኬቪኤ (የጀነሬተር አቅም መለኪያ ነው) ጀነሬተር 10 ኪሎዋት ብቻ ይዞ ሲዞር በሰዓት ወደ 5 ሊትር ይጠጣል፤ ይህንኑ ጭነት ባለ 20 ኬቪኤ በ3 ወይም በ4 ሊትር ያነሣዋል። ብክነቱ የናፍታው ብቻ አይደለም። ከአቅሙ ከሲሶ በታች ረጅም ሰዓት የሚሠራ ናፍታ ሞተር ያልተቃጠለ ዘይትና ጥቀርሻ ያጠራቅማል፣ ጭስ ማውጫው በጥቁር ቅባት ይርሳል። ትንሽ ጀነሬተር ለሚዛን ቤቱና ለመብራቱ፣ ትልቁ ማበጠሪያ ሲሠራ ብቻ። ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከተጻፈበት አቅም በታች እንደሚሰጥም ስትገዙ አስቡ፤ ደብረ ማርቆስና ጅቡቲ አንድ አይደሉም።

መኪናው የእናንተ ባይሆንም ናፍታው በኪራዩ ውስጥ ተቆጥሮ ወደ እናንተ ይመለሳል። ከባድ መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት 2 ወይም 3 ሊትር ይጨርሳል። ስድስት መኪና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ላይ ተጠርተው አምስቱ ወረፋ የሚጠብቁበት ግቢ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ማታውኑ ለሾፌሮቹ ደውሉ፤ አንዱ በ1 ሰዓት፣ ሌላው በ3 ሰዓት። ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን አስቀድሙት፤ የዓባይን በረሃ በጠራራ ፀሐይ ከማቋረጥ ይድናል። ሾፌሩ «አየር ላስሞላ ነው» ካለ ለፍሬኑ አየር ለመሙላት ደቂቃዎች እንጂ ግማሽ ቀን አይፈጅም። የወረቀት ሥራው መኪናው ሳይገባ ይለቅ፤ ጫኝና አውራጆቹም ተራቸውን አውቀው ይጠብቁ።

ኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት ያላችሁ ባትሪውን ማታ ሙሉ በሙሉ ይሙላ፤ ምሳ ላይ ትንሽ ትንሽ መሙላት የአሲድ ባትሪውን ዕድሜ ይበላል። የሚሞላበት ቦታ ነፋስ ይኑረው። ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተፋል፣ ከአጠገቡ ሲጋራም ብየዳም አይኑር።

7. አሁን ስለ ሶላር እናውራ

ደብተሩ ላይ ከሦስት ወር በኋላ ያለው ቁጥር ከመጀመሪያው ሳምንት በብዙ ያንሳል። ሶላሩን በዚህ በአነሰው ቁጥር ልክ ታዝዛላችሁ እንጂ በድሮው ቢል አይደለም። የቀኑን ፍጆታ ብቻ የሚሸፍን ያለ ባትሪ ሥርዓት ብዙ ርካሽ ነው፤ መጋዘን ደግሞ የሚሠራው ቀን ነው። መብራት ሲጠፋ ግን እሱም አብሮ እንደሚጠፋ ቀድማችሁ እወቁ፤ ጠፍቶም ይሥራ ካላችሁ ባትሪ ወይም ከጀነሬተሩ ጋር የሚያግባባ ኢንቨርተር ያስፈልጋል። ፓነሎቹ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘንብሉ፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥብላቸው ያህል።

ከመፈረማችሁ በፊት መሰላል አቁሙና ወደ ጣሪያው ውጡ። ፓነል ከነብረቱ በካሬ ሜትር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ማገሩ ባህር ዛፍ ከሆነ ወፍራም ምስማር ይዛችሁ ግድግዳው ላይ ያረፈበትን ጫፍ፣ ዝናብ የሚያገኘውንና ምስጥ የሚጀምረውን ቦታ፣ አንድ በአንድ ውጉት። ምስማሩ በእጅ ግፊት ብቻ ከገባ ሶላሩን ተዉትና መጀመሪያ አናጢ ጥሩ።